አመድ ላይ የታተመ መዳፍ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አድርገው የመረጡኝ ዕለት መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ምን በድያቸው ነው?» የሚል ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌያችን ከእኔ የተሻለ አንደበት ያለው ሰው ሞልቷል። ዘማች ተማሪዎቹ «እጅ አውጡ» ሲሉ ሜዳው በሙሉ እጁን አነሣ። እኔ ግን ማን ቀድሞ እንዳነሣ፣ ማን ጎረቤቱን አይቶ እንዳነሣ ስመለከት ነበር። በኋላ አንድ ሽማግሌ ምክንያቱን ነገሩኝ። «ይህ ሰው የእናቱን ልጅ እንኳ አያምንም፤ ለጥበቃ ከእሱ የተሻለ አናገኝም» ተባብለው ኖሯል። አልተቀየምኩም፤ ሐሰት አልነበረውም።

የሚጠበቀው ዘር ነበር። በረሃቡ ጊዜ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ቆልቶ በላ፤ ዝናቡ ሲመለስ ማሳው ላይ የሚበተን ጠፋ። ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹን የቀበርናቸው ሰማዩ ከታረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የመሬት ዐዋጁ ወጥቶ መሬቱ ሲከፋፈል፣ ከወረዳ የሚመጡት አዳራሽ ሥሩ፣ መንገድ ጥረጉ ቢሉም እኔ መጀመሪያ ዘር አልኩ። ከአዝመራው እያንዳንዱ ቤት የዘር ገብስ አዋጣና በቀድሞው ባላባት ዕቃ ቤት ውስጥ ካለው ትልቅ ጎተራ ገባ። የመጣው ቢመጣ እስከ ዘር ወቅት ማንም እንዳይነካው ተማማልን።

የዕቃ ቤቱ በር ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፍተዋል። አንዱ በእኔ እጅ ነው፤ ሌላው በገንዘብ ያዣችን፣ በአንድ አዛውንት ሸህ እጅ። ክርስቲያኑም እስላሙም በሸሁ ስም ይምላል፤ እኔ ደግሞ ሰው የሚምልበትን ሰው አብልጬ እጠረጥራለሁ። ነቀዝ እንዳይገባው ገብሱ ላይ አመድ ነስንሰንበት ነበር። በየሳምንቱ ከሸሁ ጋር ከፍተን ካየን በኋላ፣ ስንወጣ መዳፌን አመዱ ላይ አትማለሁ። ትንሿ ጣቴ በልጅነቴ ተሰብራ ተጣምማ ስለቀረች የእጄ አሻራ ከማንም ጋር አይመሳሰልም። ሸሁ ይህን ሲያዩ «አብሽር ልጄ፣ ገብሱ እግር የለው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ቤቴ ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት። ከተመረጥኩ ወዲህ ድንበር የተገፋው፣ በሬ የጠፋበት፣ ከሚስቱ የተጣላው ሁሉ ደጄን ይጠናል። ከወረዳ የመጣው በበቅሎው መጥቶ ሁለት ቀን ያርፋል። እንግዳ ጦሙን አያድርም፤ ሚስቴን «የሚበላ አቅርቢ» እላለሁ፣ ታቀርባለች። ይሁንና የጓዳችን ገብስ እንግዳ ከሚበላው በላይ ሲጎድል ታየኝ። ላላ በሚባለው አገር የሚኖረው ወንድሟ ክፉ ቀን እንደገጠመው ሰምቼ ስለነበር፣ ወደዚያ እየላከች ነው ብዬ ደመደምኩ። አልጠየቅኋትም። የጠረጠሩትን ሰው ጠይቆ ማስጠንቀቅ ሞኝነት ነው እል ነበር።

አንድ ጊዜ ለስብሰባ መካነ ሰላም ወርጄ ሰነበትኩ። ሽፍታ መንገድ ላይ ቢያገኘኝስ ብዬ ቁልፉን ከጣራው ሣር ውስጥ ሸጉጬው ነበር። ተመልሼ ጎተራውን ስናይ መዳፉ አመዱ ላይ አለ፤ ትንሿ ጣት ግን ቀጥ ብላለች።

 ለሸሁ ምንም ሳልናገር እጃቸውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ከአሻራው በጣም ይሰፋል። ግብረ አበር አላቸው ማለት ነው አልኩ። ዘሩ ጎድሎ ከሆነ ቀበሌው ዳግመኛ ጦሙን ሊያድር ነው፤ የእኔም ሹመት፣ የእኔም አንገት ከዘሩ ጋር ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡን ሰብስቤ በሩ እንዲከፈትና ገብሱ እንዲሰፈር አዘዝኩ። ሌባው እዚያው ሲገረጣ ለማየት ከሸሁ ፊት ለፊት ቆምኩ።

ሰፋሪው በቁና እየሰፈረ ያዋጣነውን ልክ ሞላ። ጎተራው ግን አላለቀም፤ መስፈሩን ቀጠለ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ከኋላ፣ ሊቀመንበሩ የሰረቀውን ሲመልስ ልኩን ስቶ ይሆናል አለ፤ ያልሳቀ አልነበረም። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። ስንቱን ሰው በዚያ ዐይን ሳይ ኖሬ፣ ወደ እኔ ሲዞር ዐይኔን ወደ ሰፋሪው ቁና መለስኩ።

ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«ትርፉ የቤቴ ዘር ነው» አለች። «በጥቂት በጥቂቱ ሸሁ ቤት አጠራቅሜ፣ ባሌ መካነ ሰላም ሲወርድ እሳቸውን ለምኜ እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ አመዱ ላይ የታተመው መዳፍም የእኔ ነው። ከተሾመ ወዲህ ቤቴ የመንገደኛ ማረፊያ ሆኗል። የእኛ የሆነውን ለመጣው ሁሉ ይበትነዋል፤ የሰው የሆነውን ግን ሞቶ ይጠብቃል። ስለዚህ የሰው አደረግሁት።»

ሸሁ ወላሂ እውነቷን ነው አሉ። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ስጠይቃቸው ሳይስቁ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ብንነግርህስ ታምነን ነበር?»

በሕዝብ ፊት አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ማታ ቤት ስንገባ አላነጋገርኳትም። የዘር ወቅት ደርሶ ከሁሉም ጋር እኩል ስንዘራ ግን፣ ያ ገብስ ጓዳችን ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ለየትኛው እንግዳ አወጣው እንደነበር ገባኝ። ገብሱ ሲበቅል ማሳው ዳር ቆሜ አለቀስኩ። እሷ አላየችኝም።

በዓመቱ ለወረዳው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርነት ተመረጥኩ። ሜዳው ሙሉ እጅ ሲያነሣ የእሷን ፈለግሁ፤ ነጠላዋ ሥር ነበር። ቀበሌው ያን ዕለት አንድ ነገር ጨምሮ ወሰነ፤ የጎተራውን ቁልፍ ለእሷ እንዳስረክብ። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና ሌላ አስቀርጬ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

አላስቀረጽኩም አልኳት። በሳምንቱ መቆለፊያውን አስለወጠችው።