ከአይጦቹ ቁጥር በታች

ኅዳር ነበር፤ ወይስ ዝናቡ ያላባራበት ጥቅምት? ዶክተር ሲሪን ዛሬም ትጠራጠራለች። ታይላንድ፣ ቺያንግ ማይ ከተማ በሚገኘው ላቦራቶሪያቸው፣ ለምርምር ለሞቱት አይጦች የቡድሃ መነኮሳት የሚጸልዩበት ቀን ነበር፤ የእያንዳንዱ ሟች አይጥ መለያ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይቃጠላል።

የሚጽፉት የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሻን ጋሼ ቡንሉዌ ነበሩ። የመርሳት በሽታ ባለባቸው አይጦች አንጎል ውስጥ ሲሪን በማግኔት ምስል ያየችው ጥቁር ነጥብ ብረት ያዘለ የፕሮቲን ክምችት መሆኑን፣ አንጎሉን በስሱ ቆርጠው፣ ብረት ሲያገኝ ሰማያዊ በሚሆን ቀለም ነክረው የሚያረጋግጡላት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሰሞን ግን መርሳት አብዝተው ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬም ቁልፍዎን ጣሉት?»

«አንቺ የአይጦችሽን ጭንቅላት ፈትሺ! የእኔን ተይው» ብለው እየሳቁ ወረቀቱን ሰጧት።

ከመጨረሻው አይጥ ቁጥር በታች የራሳቸውን ስም ጽፈዋል። ተሳስተው ይሁን አውቀው ልትጠይቃቸው ቀና ስትል፣ ለጸሎቱ በር ላይ ያወለቁትን ጫማ አድርገው ሄደዋል።