በቦርሳ የሚያዘው ወይስ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ዲሽ ማዞር ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሌሊቱን ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ስንከፍተው ሰማያዊ ብቻ ሆነ። እሱ መሰላሉን አስደግፎ ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ሳሎን መስኮቱ ጋ ቆምኩ፤ ዐይኔ ከቴሌቪዥኑ፣ ድምፄ ወደ ጣሪያው።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ፣ መጣ… ኧረ ሄደ! መልሰው!»

«ወዴት ነው የምመልሰው?»

«ወደ ነበረበት!»

«የት እንደነበረ ባውቅ እዚህ ምን አወጣኝ!»

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ልብስ እያሰጣች ትስቅ ነበር። «ቲቸር፣ ውረድ ይቅርብህ! እኛም ቤት የለም። ሰማዩ ራሱ ነው የተበላሸው» አለችው። ብዙ ዓመት አስተማሪ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ነው የሚለው። እሷም የምትጠራው በዚሁ ነው።

በመጨረሻ መጣ። ወርዶ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ከእንግዲህ ጣሪያ አልወጣም። በኢንተርኔት የሚሠራውን እንገዛለን» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ አብረን የሠራነው ነገር የለም። ወሬውም የትኛውን እንግዛ የሚል ነበር። እሱ የፈለገው ከቴሌቪዥን ጀርባ የምትሰካዋን ትንሽ ዕቃ ነበር፤ ስቲክ ይሏታል፣ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ታገናኛለች፣ አውራ ጣት ታክላለች። እኔ ኢንተርኔቱ ከውስጡ ያለውን ስማርት ቲቪ ፈለግኩ።

«አሮጌው ቲቪ ምን አጠፋ?» ይለኛል። «ሥዕሉ እንደሆነ ደህና ነው። ስቲኳ ስታረጅ እሷን ጥለሽ ሌላ ትገዣለሽ። ስማርቱ ግን የውስጡ ኮምፒውተር ሲያረጅ፣ ደህናውን መስታወት አብረሽ ልትጥዪ ነው።»

«እኔ ሁለት ሪሞት መፈለግ ሰልችቶኛል። አንዱ ሁልጊዜ አንተ ሥር ነው የሚገኘው።»

እንዲህ ስንባባል ነሐሴ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ደረቱን አመመው። ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶው ቤት ሲሰበሰብ፣ ከሴቶቹ አንዷ ቴሌቪዥኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አንሶላ አለበሰችው። በእኛ ዘንድ ሐዘን የገባበት ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። አርባ እስኪወጣ የሚሉ አሉ፤ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ የሚሉም አሉ። ለእኔ መቼ እንደሚከፈት የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አርባው ካለፈ በኋላም አንሶላውን አጥቤ መልሼ አለበስኩት።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ አዳማ ትኖራለች። ከአርባው ጀምሮ አንድ ነገር ነው የምትለኝ፤ ቤቱ ይከራይ፣ አንቺ ወደ እኛ ነይ።

«እማዬ፣ ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ምን እንደምሠራ ለመናገር አልቻልኩም፤ ምንም አልሠራም ነበርና። ጠዋት ግቢውን እጠርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጬ ከተራራው ላይ የሚወርደውን ጉም አያለሁ። ይህን በስልክ ብናገረው የእሷን ሐሳብ የሚያጠናክር እንጂ የእኔን የሚደግፍ አይደለም። ስለዚህ «እስቲ ይሁን» እያልኩ ቆየሁ።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ እንደገና ደወለች። «ቢያንስ እስክትመጪ የሚታይ ነገር ይኑርሽ። አባዬ ያላትን ስቲክ ግዢ። ስትመጪ በቦርሳሽ ይዘሻት ትመጫለሽ፤ እኛ ቤት ቲቪ ላይ መሰካት ነው።»

በቦርሳሽ ስትል የተጠየቅኩት ስለ ቴሌቪዥን እንዳልሆነ ገባኝ። ስቲኳን ከገዛሁ እየሄድኩ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ከገዛሁ እዚሁ ጭሮ ከተማ እየቀረሁ ነው። እንዲህ ብሎ የተናገረ የለም፤ ግን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። አባዬ ያላት ማለቷም ደግሞ ከበደኝ። እሱ ስቲኳን የመረጠው የትም ለመሄድ አስቦ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ገበያው ወርጄ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከጉራጌ አገር የመጣ ሰው ነው፤ ባለቤቴን ያውቀዋል። ከመቀመጫው ተነሥቶ «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናዎት» ካለ በኋላ ነው ምን እንደፈለግኩ የጠየቀኝ። ሁለቱንም አሳየኝ። ስቲኳ እውነትም መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ስማርት ቲቪ ተሰቅሏል።

«መስታወታቸው አንድ ነው» አለኝ። «የሚለያዩት ሲስተማቸው ነው። ይኸኛው ኢሜል ካላስገቡለት አይከፍትም፤ ከከፈተ ግን የፈለጉትን ይጭናል። ያኛው ዝም ብሎ ይከፍታል፤ ግን ከውስጡ ካለው ሌላ ብዙ አይቀበልም።»

«ኢሜል የለኝም።»

«አሁን እናወጣለን። ደግሞ ሪሞቱን በአፍዎ ያዝዙታል።»

«አማርኛ ይሰማል?»

«እሱን አይሰማም።»

«ኦሮምኛስ?»

«እሱንም።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚሰማው?»

«የልጅ ልጅዎን!» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

የትኛው ብዙ ኢንተርኔት እንደሚበላ ጠየቅኩት። «እኩል ነው። የሚበላው ሥዕሉ ነው፤ ጥራቱን ዝቅ ካደረጉት ትንሽ ይበላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁለቱም አይሠሩም» አለ። እንዲህ እውነቱን ሲነግረኝ የማመካኝበት አጣሁ። ኢሜል የሚጠይቀውን ስማርት ቲቪ ስጠኝ አልኩት።

ሲያሽግልኝ እንዲህ አለ፤ «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቸኩሎ ይገዛል፤ አይቻለሁ። ሐሳብዎን ከቀየሩ በሦስት ቀን ውስጥ ይምጡ። ካርቶኑን እንዳይቀድዱት። የግድግዳው ማንጠልጠያ ከጀርባው ከታሰረ በኋላ ግን መልሼ አልወስድም።»

የሚሰቅለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የሰፈራችን ዲሽ ሠሪ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ጣሪያችንን ከእኛ በላይ የሚያውቅ። ጎረቤቴም ወሬውን ሰምታ መጥታ፣ እጇን አጣጥፋ መሐል ሳሎን ቆመች።

«ከፍ አርገው! ቀና ብዬ ነው ማየት የምወደው።»

«የማነው ቲቪው፣ የአንቺ ነው የማዘር?» አላት።

«የጎረቤት ቲቪ የጎረቤት ነው። ዝም ብለህ ብሳ።»

አሮጌውን ከነአንሶላው ወደ ጓዳ ወሰድነው። አቧራው ስለበዛ ጥቁር ሻሼንና ነጠላዬን አውልቄ ወንበር ላይ አደረግኩ። ዲሽ ሠሪው የመጀመሪያውን ቀዳዳ ከበሳ በኋላ፣ «ማዘር፣ ሳንሰቅለው ድምፁን እንሞክረው» ብሎ ቲቪውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰካበት። ፍላሹ ላይ ያለው የሰርግ ዘፈን ነው። ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው።

የመቻራ ሰዎች የገቡት ይኼኔ ነው።

ባለቤቴ እዚህ ከመምጣታችን በፊት መቻራ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሯል። መርዶው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው፤ ከዚያ የቡና ለቀማው ያዛቸው። ቡናው ተሰብስቦ ሲያበቃ ሚኒባስ ተከራይተው፣ ስምንት ሆነው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። እንደ ወጉ ከውጭ በር ጀምረው «ወንድሜን! መምህሬን!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። የቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘፈኑን ሰሙ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ቤቱን ስተናል» አለች አንዲት ሴት፤ ዕንባዋ ገና አልደረቀም።

ጎረቤቴ እየሮጠች ወጥታ «ኮታ! ኮታ! ኑ፣ የቲቸር ቤት ነው!» ብላ ጠራቻቸው። ዲሽ ሠሪው ሪሞቱን ተሻምቶ ድምፁን የሚቀንስ መስሎት የባሰ ጨመረው። በመጨረሻ ሶኬቱን ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው። እኔ ሻሼን አነሣሁ ብዬ የወንበሩን ጨርቅ ራሴ ላይ ጣልኩ።

ለቅሶው እንደገና ተጀመረ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰዎቹ እሱን በወጣትነቱ የሚያውቁት ነበሩና የሚጠሩት እኔ የረሳሁትን ነው። በለቅሶው መካከል ግን ስለ ቲቪው አስብ ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ሰዎቹ አረፍ ሲሉ፣ የጠፋው ቲቪ ከፊታችን ቆሞ ጥቁር መስታወቱ ውስጥ ሁላችንም በረድፍ ተቀምጠን እንታያለን። ዐይን ማሳረፊያ ጠፋ።

መሐል ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ያኔ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበሩ ናቸው። ወደ እሳቸው ዞሬ፣ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ… ሰኞ እመልሰዋለሁ» አልኳቸው።

«ምን ሆነና ነው የምትመልሽው?»

«አሳፈርኳችሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ስሚ ልጄ። እኛ የሰማነው፣ ቲቸር ሞተ፣ ሚስቱ ልጇ ጋ ሄደች፣ ቤቱ ዝግ ነው ተብሎ ነው። መንገድ ላይ በደሳ ስንደርስ እንመለስ ያለ ነበር። እኔ ነኝ፣ በሩ ላይ አልቅሰን እንመለሳለን ያልኩ። ዘፈኑን ስሰማ ተናድጃለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ዝግ በር ላይ ከማልቀስ ይኼ ይሻላል።»

ከዚያ ወደ ቲቪው በከዘራቸው አመለከቱ። «ኳስ ያሳያል?»

«ያሳያል» አለ ዲሽ ሠሪው ከበሩ ላይ።

«ታዲያ ምን ብላ ትመልሰዋለች!»

ሴቶቹ ዐይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ጎረቤቴ ከቤቷ ሻይ በፔርሙስ አመጣች፤ እኔ ዳቦ ቆረስኩ። እሱ መቻራ ሳለ ተማሪዎቹን ይዞ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለተከላቸው የቡና እግሮች አወሩኝ፤ አሁንም ይለቀማሉ አሉ። መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ። ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ፣ «የሌሎቹም ጆሮ ገና እየሰማ ነው። ይመጣሉ» አሉኝ።

ዲሽ ሠሪው ይህን ሁሉ ሰዓት ግቢ ውስጥ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ጠብቆኛል። መሰርሰሪያውን አላሸገም።

«ማዘር፣ ምን ላድርግ? የተበሳው አንድ ቀዳዳ ነው፤ በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ። ካርቶኑም አልተቀደደም።»

የባለቤቴን ክርክር አሰብኩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የቲቪው ውስጡ ያረጃል፣ መስታወቱም አብሮ ይጣላል፤ በዚህ ልክ ነበር። ስቲኳ ትሻላለች። ስለ ዕቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱ ያለውን አደርግ ነበር።

«የቀሩትን ሦስቱን ብሳ» አልኩት።

«ከፍ ላርገው?»

«በእኔ ቁመት። ቀና ማለት የፈለገች ምንጣፉ ላይ ትቀመጥ።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ጎረቤቴ ከማድቤት፣ ብርጭቆ እያጠበች።

ወደ ማታ ለልጄ ደወልኩ። «ሰቀልኩት» አልኳት።

«በስንት ብሎን?»

«በአራት።»

«ይፈታል እኮ እማዬ።»

«ይፈታል» አልኳት።

ማልቀሷን ሰማሁ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ የሥዕሉን ጥራት እንዴት ዝቅ እንደማደርግ፣ የስልኬን ኢንተርኔት ከቲቪው ጋር እንዴት እንደማገናኝ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔም በወረቀት ጻፍኩት። ለፋሲካ ልጆቹን ይዛ ልትመጣ ተስማማን።

አሁን ጭሮ ነው የምኖረው። ዘፈን ሙት ዓመቱ እስኪወጣ አልከፍትም። ከሰዓት በኋላ መብራት ካለ ስልኬን ከቲቪው ጋር አገናኛለሁ፤ ጎረቤቴ ትመጣና ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። የውጭ ፊልም ሲሆን ከሥር የሚወጣውን አማርኛ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። በር ሲንኳኳ አቆመዋለሁ፣ እከፍታለሁ።