የሰንበቴ ቤቱ ቢም

ሁለተኛ ዲግሪዬን ደብረ ብርሃን ስማር የመመረቂያ ሥራዬ የኮንክሪት ቢም ሲጫነው እንዴት እንደሚጎብጥ በኮምፒውተር አስቀድሞ ማሳየት ነበር። ቢም ከግድግዳ ግድግዳ ተጋድሞ ፎቁን የሚሸከመው አግዳሚ ነው፤ በውስጡ ፌሮ የሚባለው የብረት ዘንግ ይሄድበታል። ሰው ኮንክሪት ሲያይ ድንጋይ ይመስለዋል። ድንጋይ አይደለም። ሲጫኑት ይረግባል፣ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፣ ሸክሙ ካልተነሣለት ደግሞ ቀስ እያለ ለዓመታት መርገቡን ይቀጥላል። እኔ ቢሙን ኮምፒውተር ውስጥ በትንንሽ ቁራጭ እከፋፍለዋለሁ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ምን ያህል እንደሚለጠጥ፣ መቼ እንደሚሰነጠቅ አስልቼ መልሼ እገጣጥመዋለሁ። ከዚያ ላብራቶሪ ውስጥ እውነተኛ ቢም አስሞልቼ ብረት እጭንበትና ሁለቱን አስተያያለሁ። መብራት ሲጠፋ ስሌቱ ከመሃል ይቋረጣል፤ ጋቢዬን ተከናንቤ እስኪመጣ እጠብቅና እንደገና ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

አባቴ አንኮበር አጠገብ ያለ የአንድ ገጠር ደብር አስተዳዳሪ ቄስ ናቸው። ስለ ትምህርቴ ሲጠይቁኝ እንዲህ ብዬ ስነግራቸው ይስቁ ነበር።

«ጉብጠት ለማየት ደብረ ብርሃን ድረስ ምን አስኬደሽ? የደብሩን ሽማግሌዎች ሰብስቤ አላሳይሽም?»

እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ እንሳሳቅ ነበር።

ደብሩ አዲስ ሰንበቴ ቤት መሥራት ጀመረ። ምእመናኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው የሚቀማምሱበት የቀድሞው ቤት ቆርቆሮው ብዙ ቦታ የተበሳ፣ ክረምት ሲመጣ ጭጋጉ ከሰው ጋር እኩል የሚገባበት ነበር። አዲሱ ግን ባለ አንድ ፎቅ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከታች አዳራሽ፣ ከላይ የደብሩ እህል ማስቀመጫ። ሥራውን የያዘው ኮንትራክተር የአባቴ የንስሐ ልጅ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ጾም አይሽርም፣ አባቴን ሲያይ ከመኪናው ወርዶ መስቀል ሳይሳለም አያልፍም። አባቴ ከእኔ ከሥጋ ልጃቸው ይልቅ ያምኑት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ሐሙስ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ሄጄ ሥራውን አየሁት። ጣውላው ተመቶ ፌሮው ታስሮ ነበር፤ በማግስቱ ኮንክሪት ሊሞላበት ነው። ንድፉ ላይ በአዳራሹ መሃል የነበረው ምሰሶ የለም።

«ምሰሶው የት ሄደ?» አልኩት ኮንትራክተሩን።

«የሰንበቴው ሙሴ ናቸው ያስቀሩት» አለኝ። ሙሴ የሚባሉት የሰንበቴው መሪ ናቸው፤ የተከበሩ አዛውንት። «ምሰሶ መሃል ላይ ከቆመ ሰው ከሰው አይተያይም አሉ። እውነት አላቸው። ቢሙን ከዳር እስከ ዳር አሻግሬዋለሁ። አታስቢ እህቴ፣ ፌሮ ጨምሬበታለሁ።»

«ፌሮው እንዳይሰበር ይረዳዋል እንጂ ከመጉበጥ ብዙ አያድነውም። ቁመቱ አጭር ነው። ቢሙን ወይ ወፍራም አድርገው፣ ወይ ምሰሶውን መልስ።»

«በጣውላው ላይ ዛሬ ጣውላ ልጨምር?» አለና ሳቀ። «ይኸው ነው፤ ትምህርትና ሥራ ለየቅል።»

በማግስቱ ተሞላ። እኔ ደብረ ብርሃን ተመልሼ የሰንበቴ ቤቱን ቢም እንደ መመረቂያዬ ቢሞች አስገባሁት፤ ስፋቱን፣ ፌሮውን፣ የአንኮበርን ብርድ፣ ከላይ የሚቀመጠውን እህል። በብርድ ኮንክሪት ቶሎ አይጠነክርም፤ እስኪጠነክር ከሥሩ የሚቆምለት የእንጨት ድጋፍ ቶሎ ከተነሣ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቢሙ አይወድቅም። ድጋፉ የተነሣ ዕለት ደህና ይመስላል። ከዚያ እህሉ ሲቆይበት ዓይን እስኪያየው ድረስ ይረግባል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይጫናል።

ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአሠሪ ኮሚቴው በአሮጌው ሰንበቴ ቤት ተቀምጦ ነበር። አባቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሥዕሉን ከፍቼ አሳየኋቸው። ፕሮግራሙ ጉብጠቱን ለዓይን እንዲታይ ብዙ እጥፍ አጉልቶ ነው የሚሥለው፤ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እነሱ ያዩት ግን ሌላ ነው። አዲሱ ሰንበቴ ቤታቸው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ መሃሉ ተንዘላዝሎ፣ በቀይና በቢጫ ቀለም ተቀብቶ። ሙሴው አማተቡ።

«እንዲህ ሊሆን ነው?» አሉ አባቴ። ድምፃቸው ተለውጧል።

«የለም አባባ፣ ይህን ያህል አይደለም። እንዲታይ ተብሎ ጎልቶ ነው እንጂ እውነተኛው ከጣት ውፍረት ጥቂት ቢያልፍ ነው።»

ኮንትራክተሩ ከኋላ ነበር። ቀስ ብሎ፣ በትሕትና፣ «እንግዲያው ያሳየችን ያልሆነውን ነው» አለ።

«ጎልቶ ነው አልኩ እኮ!»

«አጉልቶ ማሳየትና መዋሸት ምን ለየው ልጄ?» አሉ ሙሴው። በእውነት ነበር የጠየቁኝ፤ ለመስደብ አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተማርኩትን ነገር ለሽማግሌ በአማርኛ የማስረዳበት ቃል ያን ዕለት አልመጣልኝም። ስለ ስንጥቅ ጀመርኩ፣ ስለ ብርዱ ቀጠልኩ፣ እህሉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ አልኩ፣ ድጋፉን አታንሡ አልኩ። በተናገርኩ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዱ፣ «ገና ላልተመረቀ ቤት ይህ ሟርት ነው» አለ።

ቃሉ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ መስቀላቸውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ይህች ልጅ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አትገባም» አሉ። እኔን አላዩኝም። ኮሚቴውን እያዩ ነው የተናገሩት።

የደብሩ ዓመታዊ በዓል ስለ ደረሰ ድጋፉን በጥድፊያ አነሡት። በበዓሉ ቀን አዳራሹ ተመረቀ። እኔም ነበርኩ፤ እናቴ ካልመጣሽ ሰው ምን ይላል ብላ ለምናኝ ነው። ሕዝቡ ግጥም ብሎ ተቀምጦ፣ ከዳር እስከ ዳር እየተያየ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ኮንትራክተሩ ከአባቴ ጎን ተቀምጧል። ሰው ሁሉ በአጠገቤ ሲያልፍ ወደ ጣሪያው በአገጩ እያመለከተ፣ «ይኸው ቆሟል!» ይለኛል። በሳቅ ነው። አንዲት አክስቴ ደግማ ደጋግማ አለችኝ። ቢሙ ይወድቃል ብዬ አላውቅም፤ ግን ማን ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ወደ አገር ቤት መሄዱን ቀነስኩ። ሥራዬን ጨርሼ ለፈተና ቀረብኩ። ከፈታኞቼ አንዱ ወረቀቴን አመስግኖ ሲያበቃ፣ «ይህን ሞዴል ከላብራቶሪ ውጭ፣ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ላይ አይተሽዋል?» አለኝ። አባቴ ትዝ አሉኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

«ድክመቱ እሱ ነው» አለና ማርክ ቀነሰብኝ።

ተመርቄ እዚያው ደብረ ብርሃን በመምህርነት ሥራ ይዤ ሳለሁ እናቴ ደወለች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ አወራችኝና መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሰንበቴ ቤቱ በር አልዘጋ ብሏል» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። አናጺ ጠርተው ከላይ አስላጉት፣ ዘጋ። ደግሞ እንቢ አለ፣ ደግሞ አስላጉት። አሁን የሚላግም አልቀረለት። አባትሽ እንዳትነግሪያት ብለውኛል።»

ሄድኩ። በሩ የቆመው ከቢሙ ሥር በተሠራ ቀጭን ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ቢሙ ወርዶ ጉበኑን ተጭኖታል። ስንጥቁን በጀሶ ደፍነው ቀለም ቀብተውታል፤ ቀለሙም መልሶ ተሰንጥቋል። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሬ መሃል ላይ ለካሁት። ኮምፒውተሬ ካለው ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ አልፎታል። እዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲባጎ ይዤ ቆሜ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ፎቁ ላይ ስወጣ የስንዴ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

አባቴን ቤተ ልሔሙ አጠገብ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ እህሉን ዛሬውኑ ያስወርዱት። ከሥሩም ድጋፍ ያስፈልገዋል።»

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም ይጥራኝ፤ ሰው እየገባበት ነው።»

ወደ አዳራሹ ዞረው አዩ። ከዚያ ሰው ላኩና ወጣቶች መጥተው ጆንያውን አወረዱ። ኮንትራክተሩ ተደወለለት፤ ጣርማ በር በኩል ሌላ ሥራ ይዟል፣ ሲመቸው እመጣለሁ አለ። የባህር ዛፍ ግንድ ተቆርጦ በአዳራሹ መሃል ከዳር እስከ ዳር ለድጋፍ ቆመ። ሰው ከሰው እንዲተያይ ምሰሶ የተነሣለት ቤት ደን መሰለ። አዳራሹ ተዘጋ፤ ሰንበቴውም ወደ አሮጌው ቆርቆሮ ቤት ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ እዚያው ስለነበርኩ ቅዳሴ አስቀደስኩ። ስወጣ በሩ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነጠላዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ምነው አፍሽን በሰበሰብሽ ኖሮ። የቄስ ልጅ አፍ ይደርሳል እኮ» አሉኝ። ሌሎቹም ሰሙ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ ያምኑታል። እኔ ስላልኩት ነው የጎበጠው።

ከኋላዬ አባቴ ቆመው ነበር። አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። መስቀላቸውን ለአሮጊቷ አሳልመው አለፉ። ቤት ስንደርስ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ እርስዎም ይህን ያምናሉ?»

«ሕዝቡ ያምናል።»

«እርስዎንስ ነው የጠየቅኩት።»

«አንቺ ያን ዕለት በጉባኤ ፊት ባትናገሪ፣ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ የንስሐ ልጄን መክሬ አስተካክለው ነበር። በሰው ፊት አዋረድሽው፣ እልህ ያዘው። የሆነው ይኸው ነው።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ዓይኔን አየችና ተመልሳ ገባች። መልስ ነበረኝ። ጣውላው ሳይሞላ ለኮንትራክተሩ ለብቻው መናገሬን፣ እሱም ስቆ እንዳለፈው ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። አልሰማም ያለን ሰው ምን ያደርጉታል? በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ።

አዳራሹ ሁለት ክረምት እንደተዘጋ ቆየ። ከዚያ ከደብሩ ተወላጆች አንዱ ከአዲስ አበባ መሐንዲስ ይዞ መጣ። አባቴ ራሳቸው ደወሉልኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏቸው ሰማኋቸው።

«አዋቂ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ያየው። መሃል ላይ ምሰሶ ያስፈልገዋል፣ እህልም ፎቁ ላይ አይቀመጥ አለ። ሙሴውም ወዲያው እሺ አሉ።»

«ጥሩ ነው፣ አባባ።»

«ሰውየው ሲናገር ደግሞ ረጋ ብሎ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ፣ ሃሎ» አሉ።

«እየሰማሁ ነው።»

«ለበዓሉ ይከፈታል። ትመጫለሽ?»

«የተማሪ ፈተና አርማለሁ።»

«እንደ ፈቀድሽ» አሉና ዘጉት።

በዓሉ ዕለት እናቴ ስትደውልልኝ ከጀርባዋ ከበሮና እልልታ ይሰማ ነበር። ማን ማን እንደመጣ ነገረችኝ። ኮንትራክተሩም መጥቷል፤ የተቀመጠውም አባቴ ጎን ነው። ድርሻሽን ዳቦ አስቀምጬልሻለሁ አለችኝ። ለሰው ስጪው አልኳት።