የዳኜ ዋስ

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ቆብ የጫኑት ባላቸው በሞተ በዓመቱ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። መሬታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለአወቀ ለቀው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አንዲት ጎጆ ቀለሱ፤ አወቀም በየመኸሩ ገብስ እየጫነ ሊቀልባቸው ቃል ገባ። ዓለምን ንቄያለሁ ያሉት ሴት ታዲያ ከዓለም ወሬ አንድም አላመለጣቸውም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ምላሳቸው እሳት ነው፤ ቄሱን ሳይቀር ይቆጡ ነበር። ሰውም ይፈራቸዋል፣ እሳቸውም መፈራቱን አልጠሉትም።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን ዳኜ የሚባል የአገሩ ልጅ ጠመንጃውን እንደያዘ በእግሩ መጣ። እናት አባቱ ሞተዋል፤ መሬታቸውም ለሌላ ተደልድሏል። አቤት ቢል የሚሰማው አጣ። ከሁለት ብጤዎቹ ጋር ገደሉ ላይ ካለ ዋሻ መሽጎ ወደ ሞላሌ ገበያ የሚሄደውን ሰው ይዘርፍ ጀመር። በግ፣ ጋቢ፣ ጨው፣ የተገኘውን ሁሉ። ሰው ግን አልገደለም፤ እማሆይ ይህንን ሁልጊዜ ያነሡለታል፣ ትልቅ ጽድቅ ይመስል።

ሚሊሺያው ሊይዛቸው ወጥቶ ወርዶ ሲያቅተው እማሆይ ዳቦ ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ምን እንዳሏቸው አይታወቅም። ብቻ በማግስቱ ሦስቱም ጠመንጃቸውን አስረክበው፣ ድንጋይ ተሸክመው ሸንጎው ፊት ተንበረከኩ። አገሩም ማረ። ሁለቱ ዘመድ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረዱ። ዳኜ ግን የሚጠጋበት አልነበረውምና እማሆይ ዋስ ሆነው አስቀሩት።

ምሕረቱ የአፍ ነበር። ዳኜ እጅ ነሥቶ ቢያልፍ አጸፋ የሚመልስለት የለም። የቀን ሥራ ቢጠይቅ ሰው ይዘናል ይሉታል። ቅዳሴ ሲያስቀድስ አጠገቡ የቆመው ሰው ጋቢውን ሰብሰብ ያደርጋል። ይኼኔ እማሆይ ሰንበቴ ላይ ተነሥተው፣ የማራችሁት ለይምሰል ከሆነ ምነው ያኔውኑ ባሰራችሁት ብለው ሽማግሌዎቹን አፋጠጡ። በዚያ ሰሞን ጓሳን የሚጠብቅ ሰው ይፈለግ ነበር። ጓሳ የአገሩ የጋራ የሣር መሬት ነው፤ ሣሩ እስኪደርስ ይዘጋል፣ ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ያስገባ ይቀጣል። እማሆይም፣ የሌባውን መንገድ ሁሉ የሚያውቅ ሰው እያለ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ ብለው ዳኜን አስቀጠሩት።

ዳኜም ጠበቀ። ውርጩን ችሎ ሸንተረር ለሸንተረር ይዞራል። ጉቦ አይቀበልም፤ ለማን አድልቶ? ዘመድ የለው። ባሏ የሞተባት ጠጄ፣ ሥራህን ካጸናህ አገባሃለሁ ብላው ነበርና አገባችው፣ ጸነሰችም። እማሆይ በዕድሜዬ የሠራሁት ደኅና ነገር ቢኖር ይኼው ነው እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ያወሩ ነበር። ደስታቸው የእውነት ነው፤ ትንሽ ኩራት ግን ነበረበት።

አንድ ማለዳ ዳኜ ጓሳ ውስጥ የያዛቸውን ሣር የተጫኑ አህዮች እየነዳ እማሆይ ደጅ ቆመ። ጓሳ ገና አልተከፈተም። የሣሩ ጤዛ እንኳ አልደረቀም። አህዮቹን እማሆይ ያውቋቸዋል፤ የአወቀ ናቸው። ዳኜ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይወስዳቸው አስቀድሞ ወደ እሳቸው የመጣው አክብሯቸው ነው። እማሆይ፣ ሣሩን ወደ ገደሉ ጣለው፣ አህዮቹን መልስለት፣ እኔ በቤተሰብ እገሥጸዋለሁ አሉት። ዳኜ አመነታ። ከዚያ እርስዎ ካሉ እሺ ብሎ ያሉትን አደረገ።

አወቀ የሚገሠጽ ሰው አልነበረም። ከቀበሌው ሹሞች ጋር አብሮ የሚበላ የሚጠጣ ነው፤ ዳኜ ውሎ አድሮ ያጋልጠኛል ብሎ ስለሠጋ ቀደመ። አህዮቼን መንገድ ላይ ነጠቀኝ፣ እማሆይ ለምነው አስመለሱልኝ ብሎ ከሰሰ። ሰውም ወዲያው አመነው፤ ቀድሞም ይህንኑ ሲጠብቅ ነው የከረመው። በሸንጎው ዋዜማ አወቀ ገብስ ጭኖ ወደ እማሆይ መጣ። ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አላነሣም። ገብሱን ጎታ ውስጥ ገልብጦ፣ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ።

በሸንጎው ዳኛ የነበሩት አቶ አፈወርቅ ዳኜን ሲጠይቁት፣ የሆነውን ተናግሮ እማሆይ አይተዋል አለ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም፤ ዋሱ እዚያው ተቀምጠዋል።

«እማሆይ፣ አህዮቹ ሣር ተጭነው ነበር?»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ነካኩ። «ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ጭነት አላየሁም።»

ዳኜ ትክ ብሎ አያቸው። አቶ አፈወርቅ ምን ትላለህ ሲሉት፣ «እማሆይ ያሉት ልክ ነው» አለ። እሳቸውን በሰው ፊት ዋሹ ከማለት መታሰሩን መረጠ። እማሆይ ለራሳቸው የወንድሜን ልጅ አላዋርድም ብዬ ነው ይላሉ። እህል ነው ያስዋሻቸው።

ዳኜ በዘራፊነት ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ጠጄ ሆዷን ይዛ ዘመሮ ወደሚኖሩት ወላጆቿ ስትሄድ በእማሆይ ደጅ አለፈች፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። አገሩ ግን እማሆይን ያጽናናቸዋል። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ዐመሉ ሆኖበት ነው ይሏቸዋል። እማሆይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲቆጡ የሰማቸው የለም።

ከርሞ ሌሎች ዘራፊዎች ያንኑ ገደል ያዙ። ሽማግሌዎቹ እንደለመዱት እማሆይን ለመኑ። እማሆይም እምቢ የሚሉበት ምክንያት ቸገራቸውና በምርኩዝ እየተደገፉ ወጡ። ከዋሻው ሥር ቆመው ሲጣሩ ከላይ አንድ ድምፅ ማን ነዎት አላቸው።

«ወለተ ኢየሱስ ነኝ። ውረዱ፣ ዋስ እሆናችኋለሁ።»

ከላይ ሰዎች ሲንሾካሾኩ ተሰማ።

«የዳኜ ዋስ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ይመለሱ፣ እማሆይ። እኛ እዚሁ ይሻለናል።»

ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም በአክብሮት ነው የተናገረው። እማሆይ ጥቂት ጠብቀው ምርኩዛቸውን አዞሩ። ሲወርዱ ሽማግሌዎቹ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር፤ ምን አሉ ብለው ጠየቋቸው።

«አላገኘኋቸውም» አሉ እማሆይ።