በግራ የተፈተለው ክር

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ብስክሌት ልጠግን ብዬ ራሴን አዋረድኩ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ስለ መሽከርከር ስንት ሰሌዳ ጽፌ አጥፍቻለሁ። የግራውን ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ባዞረው ባዞረው ጭራሽ እየጠበቀ ሄደ። ሲያቅተኝ እየገፋሁ ሚኒባስ መቆሚያው አጠገብ ወዳለው ጠጋኝ ወሰድኩት።

«እትዬ፣ ጥርሱን ሊጨርሱት ነበር እኮ» አለኝ ሰውየው፣ ቁልፉን ከእጄ እየተቀበለ። «እንደ ልማዱ የሚፈታው የቀኙ ነው። የግራው በተቃራኒው ነው። አለዚያማ ሰው በረገጠው ቁጥር እየላላ ይወድቅ ነበር።»

ወደ ቀኝ አንዴ ጫን ሲለው እሺ አለ። እዚያ የቆሙት ባጃጅ ነጂዎች፣ ግማሾቹ ተማሪዎቼ የነበሩ ናቸው፣ «ቲቸር ዛሬ ወደቁ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም። በቀኝና በግራ መዞር ሰበብ የበደልኳት አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

እቴቴ የሺ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ስትሞት የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም ነበርና ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከሐይቅ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የአምባሰል መንደር። ሙያዋ ፈትል ነበር። እንዝርቷን ጭኗ ላይ በቀኝ መዳፏ አንዴ ሽው ስታደርጋት፣ እንዝርቷ ስትሾር፣ ግራ እጇ ጥጡን እየሳበ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ክር ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ክሩ ድሮውንም ጥጡ ውስጥ ያለ፣ እሷ የምትመዘው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ሸማኔ ጋሽ ሰይድ ለድር የሚሆን ክር ሳይፈትኑ የሚቀበሉት ከሷ ብቻ ነበር። ድር ማለት ሸማኔው ወጥሮ የሚዘረጋው ነው፤ ደካማ ክር አይችለውም። በመካከሉ የሚመላለሰው ማግ ግን ለስለስ ቢልም ግድ የለም። እቴቴ ይሄን ክብሯን ታውቀው ነበር። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ እንኳ «እኔ በጣቴ ነው የማየው» ትል ነበር፤ እውነቷንም ነው።

እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ። ፈትል ልታስተምረኝ ስትሞክር ቀኝ እጄ እንቢ አለ፤ ግራዬ ግን ወዲያው ለመደ። እንዝርቱን ቀማችኝ።

«ግራ የፈተለውን ቀኝ አይቀጥለውም። ሁለተኛ እንዝርቴን እንዳትነኪ» አለችኝ።

በግራ እጅ መጉረስ ነውር፣ በግራ እጅ መጨበጥ ነውር ነበርና ይሄም ያው ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ደሴ ገብቼ መምህርነት እንድማር የተጠራሁበት ዓመት ክረምቱ ለቆ አልሄድ ያለበት ነበር። መስከረም ሲገባም ጭቃው አልደረቀም፤ በየማሳው ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። እቴቴ «የደሴን ብርድ አታውቂውም» ብላ ጋቢ ልታስለብሰኝ ቆረጠች፤ ድሩም ማጉም በእጇ የተፈተለ። ግን እጇ እንደ ድሮ አልፈጠነም። ጥቅምት እየቀረበ ነው፣ እኔ ደግሞ ያለ ጋቢ መሄድ አፈርኩ። ትዕግሥት ከልጅነቴ ጀምሮ የለኝም።

ለግሸን ማርያም በዓል ከጎረቤቶች ጋር ሄደች። በሶዋን ቋጠርኩላት፣ እስከ መንገዱም ሸኘኋት። በጎረቤታችን ክንድ ላይ ተደግፋ፣ «ዓይኔን እንድትመልስልኝ እለምናታለሁ፤ ያንቺን ትምህርትም እነግርላታለሁ» ብላኝ ወጣች።

እሷ እዚያ ስትለምን እኔ እዚህ እንዝርቷን አወረድኩ። በሦስት ቀን ሁለት ልቃቂት በግራ እጄ ፈትዬ ከሷ ክር ጋር ደባለቅኩ። እንዝርቱም ላይ ጥቂት ተውኩ፣ ሥራው የቀጠለ እንዲመስል። ደስ ብሎኝ ነበር። ያገዝኳት መስሎኝ ነበር።

የተመለሰች ዕለት እግሯን ካጠብኩላት በኋላ ወዲያው ተቀመጠች። ጥጡን ከክሩ ጫፍ ጋር አገናኝታ እንዝርቷን አሾረች። ክሩ ላላና ተበጠሰ። ደግማ ቀጠለች፤ ተበጠሰ። እኔ ደጃፉ ላይ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። መፈልፈሌን ቀጠልኩ።

«ምነው እቴ፣ እጄ ምን ሆነ?» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለእጇ።

በማግሥቱ ክሩን ተሸክሜ እሷን እየመራሁ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወረድን። ያ መንገድ ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ የሚልበት፣ ልጅ ሳለሁ የምወደው መንገድ ነበር። ጋሽ ሰይድ ልቃቂቶቹን እያነሱ አስቀመጡ። ከኔዎቹ አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጫፉን ከሌላው ክር ጋር በአውራ ጣታቸው ጠቅልለው ሊቀጥሉት ሞከሩ፤ ተፈታባቸው።

«የሺ፣ ይሄን የፈተለው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ከኔ ሌላ ማን አለ?»

ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አዩኝ። ዕቃውን የታቀፍኩበትን ግራ እጄን አዩ። እስክናገር ጠበቁኝ ብዬ ነው የማምነው፤ ልቃቂቱን ቶሎ አላስቀመጡትም። እኔ ክልክሉን መጣሴ እንዳይታወቅ ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

«አብሽሪ የሺ» አሉ በመጨረሻ። «ማግ አደርገዋለሁ። ለድሩ የጎደለውን የሱቅ ክር እጨምርበታለሁ።»

«የሱቅ ክር?» አለች እቴቴ።

ቤት ስንደርስ እንዝርቷን ጣራው ሣር ውስጥ ሰካቻት። ከዚያ ወዲያ አላወረደቻትም። ዓይኗ እንዲመለስላት ለምና የመጣች ሴት፣ እጇንም አጣሁ ብላ ተቀመጠች። ያጣችው ግን እጇን አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ የወሰድኩባት።

ደሴ በገባሁ በሁለተኛው ወር መምህራችን ስለ ሽክርክሪት አቅጣጫ ያስተምረን ጀመር። ሁለት የተለያዩ ገመዶች ይዞ መጣ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የተገመደ። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝቶ ወደ አንድ ወገን ሲያሾራቸው አንደኛው ሲጠብቅ ሌላው ተፈታ። «ግራ የፈተለውን ቀኝ አይቀጥለውም» አልኩ ድምፅ አውጥቼ። ክፍሉ ዞሮ አየኝ። እቴቴ የነገረችኝ ነውር ሳይሆን ሳይንስ ኖሯል። እጇ ምንም አልሆነም ነበር።

ለገና ስሄድ እነግራታለሁ ብዬ ማልኩ። ሄድኩ። ጋቢውን ለብሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከሐይቁ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ እየበላን ነበር። እጇን ዘርግታ ጋቢዬን ከትከሻዬ እስከ ጥለቱ ዳሰሰችው። ከጥለቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ብርድ ያስገባል?» አለችኝ።

«አያስገባም እቴቴ።»

«እሰይ» አለች፣ እጇንም ሰበሰበች።

ለፋሲካ እነግራታለሁ አልኩ። ለፋሲካ እንግዳ በዛ። ክረምት ላይ እነግራታለሁ አልኩ። ግንቦት ላይ ሞተች።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ መሽከርከር ሳስተምር እንዝርት ይዤ እገባ ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ በቀኝም በግራም አሹሬ አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ የመኪናውን ጎማና የወፍጮውን ድንጋይ እጠቅሳለሁ። ይሄን ታሪክ ግን ለአንድም ክፍል አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አቁሜ ጋቢውን ከሣጥን አወጣሁ። በብርሃን ሲያዩት ከጥለቱ ከፍ ብሎ ጥላ ያጠላበት የሚመስል መስመር አለ፤ የኔ ሁለት ልቃቂት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እንደሷ በጣቴ ዳሰስኩት። ሳልፈልገው አገኘሁት፤ ሻካራ ነው፣ ጉጥ ጉጥ ይላል።

በጣት ማየት ያልለመድኩት እኔ ካገኘሁት እሷ አላገኘችውም ልል አልችልም። ምናልባት የገና ዕለት ነው ያወቀችው፤ ምናልባትም ጋሽ ሰይድ ፊት «እኔ ነኛ» ስትል ታውቅ ነበር። የምጠይቃት የለችም። ያን ገና ግን ጣቷን እዚያች መስመር ላይ አሳርፋ እስክነግራት ጠብቃኝ ነበር። እኔ ስለ ብርዱ መለስኩላት።