አጥር የሆነው ውሻ

ልጅ ሳለሁ ቡሬ ላይ ከጓሯችን ወዲያ አያ ጥላሁን የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት ውሻ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ሠራዊቱ ሲበተን አገራቸው ገብተው በቆሎ ይዘሩ ጀመር። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉትን ትልቅ የጀርመን ውሻም የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ስሙን መከታ አሉት። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ዳማ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ ነበር።

ያኔ ክረምቱ ሲወጣ፣ አመሻሽ ላይ፣ የሰፈር ልጆች ምድጃቸውን ከበን፣ እሸቱ ፍም ላይ እየተንጣጣ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የጅብና የጦጣ ተረት እንጠብቃለን፤ እሳቸው ግን የውሻ ወሬ ይቀናቸው ነበር።

«የፖሊስ ውሻ ትሉታላችሁ፤ አባቶቹ ግን እረኞች ናቸው» አሉን አንድ ምሽት። በጀርመን አገር እርሻው አጥር የለውም። በጎቹ በሁለት ማሳ መካከል ሲግጡ ውሻው በእህሉ ዳር ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ይውላል፤ ወደ እህሉ የምታመራዋን በግ በጎኑ ገፍቶ ይመልሳታል እንጂ አያቆስላትም። ሥራ ሲያጣ ይቆዝማል፣ ባዳ አይወድም፣ ከለመደው ሰው ግን አይለይም አሉ።

እናቴ ውሻውን ትፈራው ነበር።

«አያ ጥላሁን፣ እባክዎ ይሰሩት» ትላቸዋለች።

«ታስሮ የዋለ ነው የሚናከስ፣ ልጄ» ይሏታል።

አንድ የገበያ ቀን እናቴ ጌሾ ስታሰጣ፣ መራመድ የጀመረችው እህቴ አስካል ሳናያት ከግቢ ወጣች። ጩኸቷን ሰምተን ስንሮጥ መከታ ከደጃችን በሚያልፈው አስፋልት ዳር ከፊቷ ቆሟል። በግራ ስትሄድ በግራ፣ በቀኝ ስትሄድ በቀኝ እየዞረ በጎኑ ይገፋታል። ወድቃ ተነሥታ ልታመልጠው ስትል የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ ያዘ።

«ልጅ በላ!» አለ ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ፤ በዱላው ወገቡን መታው። መከታ አቃሰተ እንጂ ቀሚሷን አልለቀቀም። ወዲያው እህል የጫነ አይሱዙ እየጮኸ በአጠገባቸው አለፈ።

አያ ጥላሁን ደረሱ። «ዱላህን አውርድ ወንድሜ። ልጅቱ ወዴት ትሄድ እንደነበር እይ።»

ገበሬው መንገዱን አየ፣ ዱላውን አወረደ። እናቴ አስካልን አገላብጣ አየቻት፤ ከተቀደደው ቀሚሷ በቀር አንድ ጭረት የለባትም። አያ ጥላሁን ውሻውን አቅፈው አስፋልቱ ዳር ተቀመጡ፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

በዚያው ምሽት እናቴ አስካልን አዝላ ከምድጃቸው አጠገብ ከእኛ ከልጆች ጋር ተቀመጠች።

«እስቲ የበጎቹን ነገር ለኔም ይንገሩኝ» አለች።

ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት።

መከታ ከዚያ በኋላ የኋላ እግሩን እየጎተተ ጥቂት ዓመት ኖረ። አያ ጥላሁን ከነገሩን ተረት ብዙውን ረስቼዋለሁ። አብሮኝ የኖረው መከታ ዱላው ሲያርፍበት ወደ ሰውየው አለመዞሩ ነው። በሥራዬም በቤቴም ያለ ጥፋቴ የተመታሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ እንደሱ የያዝኩትን ይዤ ልቆም እሞክራለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ መታኝ ሰው እዞራለሁ።