ፔዳሉ እንዳይታይ

በመሥሪያ ቤታችን አርፍዶ ለሚገባ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ከማንም በላይ አርፍጄ እየገባሁ ስሠራው ቆይቻለሁ። ቤቴ አዳማ ዳር ነው። ጠዋት ባጃጆቹ ነዳጅ ማደያ ተሰልፈው ይውላሉ፣ እኔ ደግሞ አስፋልት ዳር ቆሜ ንፋሱ ያመጣውን አቧራ እጠጣለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ቢሯቸው አስጠሩኝና ራሴ ያረቀቅኩትን ደብዳቤ ዘረጉልኝ። የሠራተኛው ስም የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነበር። «አንድ ቀን ደግመህ ካረፈድክ እዚህ ላይ ስምህን ራስህ ትጽፋለህ፤ የእጅ ጽሑፍህ ጥሩ ነው» አሉኝ። ያን ዕለት የኤሌክትሪክ ሳይክል ልገዛ ወሰንኩ።

አዳማ ውስጥ ግን ሰው ዕቃ ብቻውን አይገዛም። ምሳ ላይ ነገሩን ሳነሳው ጠረጴዛው በሙሉ ባለሙያ ሆነ። አንዳቸውም በኤሌክትሪክ ሳይክል ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ይህ ግን ማንንም አላገደም። አንዱ ባትሪው ዝናብ ሲነካው ይፈነዳል አለ። አንዷ ባቱ ከተማ ያለው የአክስቷ ልጅ ከገዛ በኋላ ሕይወቱ እንደተለወጠ ነገረችን፤ ስናጣራ የገዛው ባጃጅ ነው። የጸሎት ቡድናችን ሳይቀር አንድ እሁድ ለጉዳዩ ሰጠ። ሞዴሉን ለጌታ ትተን ስለ ቀለሙ ስንከራከር ዋልን።

ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፔዳል እንዳይኖረው። በእኛ አካባቢ ሳይክል ማለት ወንጂ ማለት ነው፤ ከፈረቃ የሚወጣ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ማለት ነው። ከረባት ያሰረ ሰው ፔዳል ሲረግጥ ከታየ፣ ከተማው በሙሉ ምን ነክቶት ነው ይላል። ፔዳል የሌለው ግን ሞተር ይመስላል፣ ሞተር ደግሞ ክብር ነው። «የቡድን መሪ ሆነህ አገዳ ቆራጭ ልትመስል ነው?» አለኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰውም በሳይክል ነው። ይህንን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ የለም። ደብቄ ሳይሆን የጠየቀኝ ስለሌለ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሳይክል ሱቁ ስሄድ አባቴን የጠራሁት ራሴ ነኝ፤ የምር ሳይክል የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረኝማ። ያ «አገዳ ቆራጭ» ያለኝ ባልደረባዬ ደግሞ ሳልጠራው «ላማርጥልህ» ብሎ መጣ። አባቴ ከወንጂ በሳይክሉ እየነዳ ደረሰ። የሳይክሉ ካቴና እንዳይበላበት የሱሪውን ቀኝ እግር በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል፤ የዚያን ቀኑ መቆንጠጫ ደማቅ ሮዝ ነበር። ሳይፈታው ገባና ሻጩን በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አለው።

ሻጩ ፔዳል የሌለውን እየደባበሰ «በአንድ ቻርጅ መቂ ደርሰህ ትመለሳለህ» አለኝ። ሄዶበት ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው «እኔ እንኳ በባጃጅ ነው የምመላለሰው» አለ። ሰማያዊ መብራት አለው፣ ዘፈን ያጫውታል፣ ሌባ ሲነካው ይጮሃል። ወጣሁበትና መስታወት ውስጥ ከረባቴን አስተካከልኩ። ወዲያው የሆነ ነገር ልመርቅ የመጣሁ ባለሥልጣን መሰልኩ።

አባቴ ጥግ ወደቆመው ባለፔዳል የኤሌክትሪክ ሳይክል ሄደ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ከኋላ ብድግ አድርጎ አሽከረከረውና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለው ሻጩን።

ሻጩ አዳማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ የማያውቅ ይመስል ትንሽ አሰበ። «ይመጣላ!»

«እስኪመጣ ሥራ አይቀርም እኮ» አለ አባቴ።

ባልደረባዬ ዓይኑን ከሮዙ መቆንጠጫ ላይ መንቀል አቅቶት ነበር። ጠጋ ብሎ «እኚህ ሰውዬ ካንተ ጋር ናቸው እንዴ?» አለኝ።

«የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ሳይክል ያውቃሉ» አልኩት።

ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። አባቴ የቆመው ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። የፋብሪካው ጩኸት ጆሮውን እንደጎዳው ለዘመድ ሁሉ የማወራ ሰው ነኝ፤ ይህንን ግን አጥርቶ ሰማው። የሚሽከረከረውን ጎማ በእጁ አቆመው። ጎንበስ ብሎ መቆንጠጫውን ከሱሪው ላይ ፈታና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞረ።

«እኔ ምን አገባኝ። የኔ ልጅ ቢሆን ግን ባለፔዳሉን ነበር የማስገዛው» ብሎት ወጣ።

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የምይዝ የምጨብጠው ሲጠፋኝ እንደ ሞኝ መሪው ላይ ያገኘሁትን ቁልፍ ተጫንኩ። ሱቁ በጭፈራ ዘፈን ተናጋ። ባልደረባዬ ትከሻውን መነቅነቅ ጀመረ።

«በቃ ይሄ ይሁን?» አለ ሻጩ እየጮኸ።

«አይ። አባቴ ያለውን ስጠኝ።»

«አባትህ ደግሞ የቱን አሉ? ደውለህላቸው ነው?»

«አሁን የወጡት ናቸው አባቴ።»

ሻጩ ዘፈኑን አጠፋው። ባልደረባዬ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ድንገት ስልኩ ላይ አስቸኳይ ጉዳይ ተገኘለት። ወሬው ሰኞ ከእኔ ቀድሞ ቢሮ እንደሚገባ ገባኝ። እሱ መቼም አርፍዶ አያውቅም።

ባለፔዳሉን እየገፋሁ ስወጣ አባቴ ሳይክሉን ይዞ ከአስፋልቱ ማዶ ጥላ ውስጥ ቆሞ ነበር። አዲሱን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረገው፣ ደህና ነው ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ፊቴን ግን አላየም።

«አባዬ፣ ይቅርታ» አልኩት።

«‹አባዬ› የሚለውን ውስጥ ነበር ማለት» አለና ሳይክሉ ላይ ወጣ።

ውስጥ ብያለሁ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያልኩት እሱ ከሱቁ ከወጣ በኋላ ነው።